ከቡፌው ስር የተቆረጠው ላስቲክ

ኅዳር 14

አልጠይቅም። አሥር ጊዜ ብትጽፍልኝም አልጠይቅም። «ዳይሬክተሩ ጋ ሄደሽ ይቅርታ ብትዪ ምን ይቀንስብሻል» ትለኛለህ? ሌላ ሰው ቢለኝ አይገርመኝም፣ ሌላው ሰው አያውቅማ። አንተ ግን ይህን ስትጽፍ እስክሪብቶው እንዴት እሺ አለህ?

ሰላምታ የዘለልኩት ሆን ብዬ ነው። ያንተን ግማሽ ገጽ ሰላምታ፣ ያንን «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ምናምን የሚለውን፣ አንብቤ ሳልጨርስ ነው ደሜ የፈላው። እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ደህና ናት፣ ከእኔ ይልቅ ከስፌት መኪናዋ ጋር ታወራለች። አጎቴ ወገቡን ያመዋል እንጂ ደህና ነው። ከእሱ ጋር የምሠራበት ጎሚስታ ቤቱም ደህና ነው፣ ሰው ሚስማር ላይ መንዳት አላቆመም። በቃ፣ ሰላምታው አለቀ።

ስልክ አታነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ስለዚህ ደብዳቤውን ወደ እናንተ ከተማ ለሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። እጅህ ላይ ካላስቀመጠ ሁለተኛ ጎማውን እንደማልነፋለት ነግሬዋለሁ። አምኖኛል፣ አንተ ብቻ ነህ የማልጨክን የሚመስልህ።

የረሳህ ስለሚመስለኝ ላስታውስህ። ባለፈው ጥር የዳይሬክተሩን ፊት ላስቲክ ላይ ቀረጽክ። ራሰ በራውን፣ ክብ መነጽሩን፣ እምብርቱ ድረስ የምትወርደውን ክራቫቱን። ላስቲኩን ከቤታችን ወለል ምንጣፍ ላይ፣ ከቡፌው ስር፣ «እዚህ ማንም አያይም» ብለህ በምላጭ ቆረጥከው። ስትቀርጽ ጠረጴዛው ላይ አጥብቄ የያዝኩልህ እኔ ነኝ። አሥር ወረቀት አተምክ፣ ጠዋት ከሰልፍ በፊት መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍካቸው። ከዚያ ፈራህ። አንተ ሁልጊዜ ከሠራህ በኋላ ነው የምትፈራው። «ሮጠሽ ንቀይልኝ» አልከኝ፣ ሮጥኩልህ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ዘጠኙን ነቅዬ አሥረኛው ላይ ዘበኛው ደረሰ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኗል። ምን ልበለው፣ ጓንት ነው?

ሰልፉ ፊት ሲያቆሙኝ አንተ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መስመር ላይ ነበርክ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ጫማህን ታያለህ። በእረፍት መጥተህ ምን አልከኝ? «የሥዕል ትምህርት ቤቱ የመቀበያ ደብዳቤ እስኪመጣልኝ ብቻ ቻይው። አንቺ ገና አሥረኛ ነሽ፣ መክረው ይለቁሻል።» እውነትም ለቀቁኝ። እስከ ዛሬ እንደተለቀቅኩ ነኝ።

ዳስተሩን አልክድም። ዳይሬክተሩ እማዬ አጠገቤ ቆማ «እንዲህ ያለችውን ማን ነው ያሳደጋት» ሲል ወረወርኩበት፣ ጆሮውን አገኘሁት። የዳስተሩ ቅጣት ሁለት ሳምንት ነበር፣ የራሴ ነው፣ ቃል ሳልተነፍስ ጨርሼዋለሁ። ያስባረረኝ ሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ያንተ ነው።

ደብዳቤህ መስከረም ላይ መጣልህ። «ልግባና እናገራለሁ» አልክ። ገባህ። አሁን ኅዳር ነው፣ አሁን ደግሞ «የመጀመሪያውን ፈተና ልለፍ» ሆኗል። ስታረጅ ጡረታህ እስኪወጣ ልጠብቅህ መሰለኝ።

ጥበቃ ግን አለቀ። ትናንት ትምህርት ቤት ሄጄ ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። የተባረረ ተማሪ ይግባኝ የሚለው ዓመቱ ሳይሞላ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጥር 19 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ያ ካለፈ ፋይሌ ይዘጋል፣ መሸኛም አይሰጡኝም፣ ያለ መሸኛ ደግሞ የትም ትምህርት ቤት በሩን አይከፍትልኝም። የምጠይቅህ አንድ ወረቀት ነው። «የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለህ በእጅህ ጻፍ፣ ፈርም፣ ለሾፌሩ ስጠው። ሦስት ቃል ነው። ሰላምታህ እንኳን ከዚህ ይረዝማል።

ክብሪት
(ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፣ ስለዚህ ስጫር አትገረም።)


ኅዳር 27

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እማዬንና አጎቴን ሳሚልኝ። ስልክ ስለማላነሳው ይቅርታ። ስቱዲዮ ውስጥ እጃችን ቀለም ነው፣ ስልክ መንካት አይቻልም።

በሾፌሩ አፍ የላክሽውን የዘይት ጥያቄ አገኘሁ። ለምን እንደጠየቅሽኝ ባይገባኝም ልመልስልሽ። የተቃጠለ ዘይት አይደርቅም። የእኛ ቀለም የሚሠራበት የተልባ ዘይት ነው፣ እሱ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል። የሞተር ዘይት ግን መቶ ዓመት ቢቀመጥ ያው ዘይት ነው። አሁን የምንሠራውን ብታዪ ትወጂው ነበር። በእንቁላል አስኳል ቀለም በጥብጠን እንቀባለን፣ በደቂቃ ይደርቃል፣ ስትሳሳቺ መመለሻ የለውም። መስታወት ላይ ሥለን ወረቀት እንጫንበታለን። አንዴ ብቻ ነው የሚታተመው፣ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ጥላው ብቻ ይቀራል። መምህራችን «ጥላውን አትጣሉት» ይሉናል።

ስለዚያኛው ጉዳይ። እህቴ፣ አስቢው። እዚህ አንደኛ ዓመቶች ከቀድሞ ትምህርት ቤታችን የሥነ ምግባር ማረጋገጫ እንድናመጣ ተጠይቀናል። የሚፈርመው ማን ነው? ያው ሰውዬ ነው። አሁን ብጽፍ ሁለታችንም እንወድቃለን። ደግሞ ማስረጃ የለም። ላስቲኩን ያኔውኑ ወንዝ ወርውሬዋለሁ። አንቺም እውነቱን ለመናገር ትምህርት ያን ያህል አትወጂም ነበር፣ ጎሚስታ ቤቱ ሳይሻልሽ አልቀረም። ትንሽ ታገሺኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ


ታኅሣሥ 10

ትምህርት አልወድም ነበር? መምህር እየመለሱ መጠየቅ ነበር የምወደው፣ እሱን ነው ያልወደዱልኝ። አንተ የሚጠየቀውን ሸምድደህ ትጽፋለህ፣ እኔ «ለምን» እላለሁ፣ ከዚያ አንተ ጎበዝ እኔ ባለጌ። ይኸው ዘይቱ ለምን እንደማይደርቅ ከአንተ በቀር የሚነግረኝ አጣሁ። አጎቴን ስጠይቀው «ዘይት ስለሆነ» አለኝ። ኬሚስትሪ መምህሯ ብትኖር ሰሌዳ ሙሉ ትጽፍልኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት አጥሩ ጋ ቆሜ ጠብቄአት፣ ከሌሎች መምህራን ጋር ስትወጣ ተሸሸግኩ። እጄ ጥቁር ነበራ። ደግሞ ጥቁር እጅ ይዤ እዚያ ግቢ አጠገብ ልታይ?

ለምን ጠየቅሽ ላልከው፣ እየሠራሁ ነው። አንተ ብቻ ያለህ መሰለህ እንዴ እጅ? የተበሳ የውስጥ ጎማ ቆርጬ በማስቲሽ ጣውላ ላይ አጣበቅኩ፣ በምላጭ ቀረጽኩ። ቀለም ስለሌለኝ ጥላሸትና የተቃጠለ ዘይት ለወስኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የአጎቴ ክሪክ ወጣ፣ እውነተኛ ክሪክ፣ ጥርሱ ሳይቀር። በሦስተኛው ቀን ስነካው አሁንም ይወዛል። የእማዬ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢያርፍ ደብዳቤ ሳይሆን ሬሳዬ ነበር የሚደርስህ።

መጫኛ ማሽን የለኝም። መጀመሪያ በማንኪያ አሸሁት፣ መሃሉ ወጣ፣ ጥጉ ባዶ ቀረ። ከዚያ አንድ ታክሲ ጎማ ሊያስነፋ መጣ። ጣውላውን፣ ወረቀቱን፣ ከላይ ብርድ ልብስ አድርጌ ከፊት ጎማው ስር አስገባሁና ሾፌሩን «በቀስታ፣ እንቁላል ላይ እንደምትሄድ» አልኩት። ሰውዬው «ልጅቷን ፀሐይ መቷታል» እያለ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ነዳልኝ። ምን ልበልህ፣ እንዲህ የጠራ ህትመት አይቼ አላውቅም። የእናንተ መምህር ይህን ያውቃሉ?

እማዬ ማታ እጄን አየች። ነዳጅ ባለው ጨርቅ እያሸሁ ነበር። ብዙ አልተናገረችም፣ ባለፈው ዓመት ሁሉንም ተናግራ ጨርሳለች። «ከአንድ ማህፀን አንድ የሚሥል እጅ፣ አንድ የሚያጨማልቅ እጅ ወጣ» ብላ መብራቱን ወደ መኪናዋ አዞረች። የሚሥለው ያንተ ነው። ማን እንዳጨማለቀው ግን አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም። ለምን መሰለህ? ቃል ሰጥቼሃለሁ። «አንተ ራስህ እስክትናገር አፌ አይከፈትም» ብዬሃለሁ፣ እኔ ደግሞ እንደ አንተ አይደለሁም።

የሥነ ምግባር ማረጋገጫ ላልከው ሳቄን ለቀቅኩት። ያለ ሥነ ምግባር ሥነ ምግባር ይሰጡሃል ማለት ነው። ደብዳቤው ካስፈራህ ጥር 19 ራስህ ና። ሾፌሩ በነጻ ያመጣሃል፣ ጠይቄዋለሁ። ኮሚቴው ፊት ትቆምና ትናገራለህ፣ በማግስቱ ትመለሳለህ።

ድሮ «ወንድም ጋሼ» እልህ ነበር። ልብ ብለህ ከሆነ ትቼዋለሁ።

ክብሪት


ታኅሣሥ 21

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በችኮላ ነው የምጽፍልሽ። ጥር 19 መምጣት አልችልም። የዓመቱ ኤግዚቢሽን የሚከፈተው በዚያው ቀን ነው፣ ከአንደኛ ዓመት ደግሞ የተመረጠው የእኔ ሥራ ብቻ ነው። ለእማዬ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።

ከዚህ ጋር ተጠቅልሎ ያለው ህትመት የእማዬ ነው። «የሰፈራችን ጣሪያዎች» ብዬዋለሁ። አሠራሩን ብታውቂው ትገረሚያለሽ። አንድ ላስቲክ ብቻ ነው። ነጭ የሚቀረውን ትቆርጪና በቢጫ ታትሚያለሽ። ቢጫ የሚቀረውን ደግሞ እዚያው ላስቲክ ላይ ትቆርጪና በቀይ ከላይ ትደርቢያለሽ። እንደገና ቆርጠሽ በጥቁር ትጨርሻለሽ። ላስቲኩ እየተበላ ይሄዳል። አንዴ የቆረጥሽው አይመለስም፣ የመጀመሪያው ቀን የቆረጥሽው እስከ መጨረሻው ነጭ ሆኖ ይታያል። መምህራችን የታችኛው ቀኝ ጥግ ሰያፍ ሆኖ መቆረጡን በጣም ወደዱት፣ «ድፍረት አለው» አሉ። ሰባት ብቻ ነው ያተምኩት። የእማዬ ሁለተኛው ነው፣ ከታች ቁጥሩ ተጽፏል።

ታክሲውን ለመምህራችን ነገርኳቸው፣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አትቀየሚኝ፣ በመልካም ነው።

ወንድምሽ


ጥር 3

«ወንዝ ወርውሬዋለሁ» አላልክም? ወንዙ ዋና አስተምሮት መሆን አለበት፣ ላስቲኩ እየዋኘ እናንተ ከተማ ድረስ መጥቶልሃል።

እማዬ ህትመትህን ስታየው አለቀሰች። እንዳትደሰት፣ ለመሳቅም ለመናደድም ታለቅሳለች። አጎቴ ክፈፍ ሠራለት፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለችው። ደንበኛ ሲመጣ ልኬት ከመውሰዷ በፊት እሱን ታሳያለች። አንዲት ሴትዮ «ይህ የት ሰፈር ነው» ብላ ስትጠይቅ «የልጄ» አለቻት። ሰፈሩ ያንተ ሆነ በቃ።

እኔ መጀመሪያ ቀንቼ ነበር፣ ልደብቅህ አልችልም። ቀዩ ቢጫው ላይ እንዴት እንደተኛ ሳይ፣ በምን እጅህ ሠራኸው ብዬ አንድ ሰዓት ፈዝዤ ቆምኩ። ከዚያ አሠራሩን የጻፍክልኝን ደግሜ አነበብኩ። የመጀመሪያው ቀን የተቆረጠው እስከ መጨረሻው ነጭ ነው አልክ። እሺ አልኩ፣ ነጩን ብቻ ልይ። ቀለሙን ትቼ ነጩን ብቻ አየሁ።

ጣሪያው ላይ ሁለት ክብ የውኃ ታንከሮች ሠርተሃል። ሰፈራችን ውስጥ ክብ ታንከር ያለው ማን ነው? ማንም። መካከላቸው ያለች ቀጭን ቧንቧ አለች፣ አፍንጫ ላይ የምትቀመጠው የመነጽር ድልድይ። ከታች ወደ ጓሮ የሚወርደው ደረጃ ክራቫቱ ነው። ከኋላ ያለው ኮረብታ፣ እንዲህ የሚያብለጨልጭ ኮረብታ የት አይተህ ታውቃለህ? ሰውዬው ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቱ አስቀምጦኛል። እኔ ያንን ራስ ጣሪያ ብታለብሰው፣ ባርኔጣ ብታለብሰው አውቀዋለሁ።

ይህም ባይሆን መስመሩ አለ። ከግራው ታንከር ተነስቶ እስከ ዳር የሚሄደው፣ የመብራት ሽቦ ያስመሰልከው። ያ ሽቦ አይደለም። ጆሮውን ስትቀርጽ መቅረጫው አምልጦህ የሄደበት ነው። ላስቲኩን ይዤልህ ስለነበር ዳር ድረስ መጥቶ እኔን አገኘኝ። የዚያ መስመር ቀሪ ጫፍ ያለው የእኔ አውራ ጣት ላይ ነው። አሁንም አለ፣ ይህን ስጽፍ እያየሁት ነው።

አሥረኛውን ወረቀት ዘበኛው ወስዶ ለዳይሬክተሩ ሰጠው፣ ከነቀልኳቸው ዘጠኝ ውስጥ ግን አንዱን ጃኬቴ ውስጥ ደብቄ ነበር። ከፍራሼ ስር ዓመት ሙሉ ተኝቷል። አውጥቼ መስኮቱ ላይ ከህትመትህ ጋር ደረብኩት። መስመሩ በመስመሩ ላይ ተኛ። ያ «ድፍረት አለው» የተባለው ሰያፍ ጥግ እንኳን አለ። ድፍረት ሳይሆን ከቡፌው ስር ስትቆርጥ ምላጩ ስለተሰበረ ነው። መምህርህ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ለእማዬ አልነገርኳትም። መልሼ ሰቀልኩት። ይህን ወረቀት ይዤ ኮሚቴው ጋ ብሄድ ያምኑኛል፣ ያኔ ግን ያንተ ኤግዚቢሽንም ማረጋገጫም አብሮ ይሄዳል። እሱን አልፈልግም። ሥራው ያምራል፣ እግዜር ይፍረድብህ፣ ያምራል። አንተ ራስህ ተናገር። አሥራ ስድስት ቀን አለህ።

ክብሪት


ጥር 9

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሺ፣ ልክ ነሽ። ሌላ ላስቲክ አልነበረኝም። እዚህ ሁሉም የራሱን ዕቃ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እኔ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረኝ እሱ ብቻ ነው። የምጥለው መስሎኝ ነበር፣ ሳልጥለው ቀረሁ። እጅሽን ስላቆሰልኩት ያኔም ይቅርታ ጠይቄሻለሁ መሰለኝ። ካልጠየቅኩ አሁን እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ህትመቱን ከእማዬ ተቀብለሽ በሾፌሩ ላኪልኝ። መምህራችን ሰባቱንም አንድ ላይ ማየት ይፈልጋሉ፣ ቁጥሩ መሟላት አለበት። ለእማዬ ሌላ፣ የተሻለ እሠራላታለሁ። ከፍራሽሽ ስር ያለውን ወረቀት ደግሞ እባክሽ አቃጥዪው፣ ለአንቺም ጥሩ አይደለም።

ጥር 20፣ ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ ማግስት፣ የፈለግሽውን እጽፋለሁ። ቃሌ ነው።

ወንድምሽ


ጥር 18፣ ገና ሲነጋ

ጥር 20 ትጽፋለህ። ኮሚቴው የሚቀመጠው ጥር 19። ሰው ከቀበሩ በኋላ መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ እንደማለት ነው። አስበህበት ነው ወይስ እንዲሁ ነው የወጣልህ? ደግሞ መምህሩ ቁጥር ይቆጥራሉ አሉ። ሾፌሩን ሰው እንዲጠይቅልኝ ላኩት። እዚያ የተሰቀለው አንድ ብቻ ነው፣ የቀሩትን ማንም አልፈለገም። ህትመቱን የፈለግከው ከእኔ እጅ ለማውጣት ነው።

ህትመቱን ልልክልህ አልችልም። እንቢ ብዬ አይደለም። ወለል ላይ ነው ያለው፣ ማንም አላነሳውም።

ትናንት ከሰዓት የሆነውን ልንገርህ። እማዬ የሰው ኮት ላይ ቁልፍ ስትተክል አንዱ ቁልፍ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ። ትልቁ፣ ቀንድ የሚመስለው፣ ሌላ የማይገኝለት። ቡፌው ስር ገባ። መጥረጊያ አስገባች፣ አልመጣም። ጠራችኝ፣ ግራና ቀኝ ይዘን ቡፌውን ወደ ቤቱ መሃል ጎተትነው። እኔ በዚያች ደቂቃ ሌላ ነገር ሁሉ ረስቼ ነበር፣ እመነኝ። ቁልፉ እዚያ ነበር። ከቁልፉ አጠገብ ደግሞ ጉድጓዱ ነበር፣ ሲሚንቶው የሚታይበት፣ አንድ ጥጉ ሰያፍ።

ቁልፉን አላነሳችም። ተንበርክካ በስንዝሯ ለካችው፣ ወርዱን፣ ቁመቱን። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ግድግዳውን አየች። ተነስታ ክፈፉን አወረደች፣ ጀርባውን በመቀስ ከፍታ ህትመትህን አወጣች፣ ነጩን ዳር እየታከከች ወደ ውስጥ አጠፈች፣ ጉድጓዱ ላይ አኖረችው። አልገጠመም። ሰያፉ በሌላው በኩል ሆነ። «አልገጠመም፣ በቃ ተወው» ብዬ በልቤ እለምን ነበር፣ ለማን እንደምለምን አላውቅም።

ግን እሷ ልብስ ሰፊ ናት። የግራ እጅጌና የቀኝ እጅጌ ስታመሳስል የምታደርገውን አደረገች፣ ወረቀቱን በፊቱ ደፋችው። ገባ። ጥጉ ጥጉን፣ ዳሩ ዳሩን፣ እንደ ኪስ። እናንተ ትምህርት ቤት ህትመት እንደሚገለበጥ ስንት ወር ያስተምሯችኋል? እማዬ በአንድ ደቂቃ ጨረሰችው።

ከዚያ ሳታየኝ «አምጪው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ከፍራሽሽ ስር ያለውን።»

ወረቀቱ እዚያ እንዳለ ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። አልጋዬን ስታነጥፍ አይታው፣ የጥፋቴ ማስታወሻ አድርጌ ያስቀመጥኩት መስሏት፣ እንዳላየች መልሳ ትከተው ነበር። አመጣሁላት። እሱንም ደፋችው። እሱም ገባ። ሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ባንዱ ላይ ሆኑ፣ ዳይሬክተሩ ጣሪያችን ስር ተኛ።

«ማነው የቆረጠው?» አለች።

እዚህ ላይ ልብ በል። አልነገርኳትም። ዓመት ሙሉ ያማረረኝ ነገር ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። «እሱን ጠይቂው» አልኩ። እንደዚያ ማለት መናገር ከሆነ፣ ተናግሬያለሁ፣ ክሰሰኝ። «አልደውልለትም» አለች። «እሱ ይደውልልኝ።»

ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዋ አልተንቀሳቀሰም። አንድም ጊዜ። አጎቴ መጥቶ «መኪናው ተበላሸ እንዴ» አለ። ቡፌው ቤቱ መሃል ቆሟል፣ እየዞርነው ነው የምናልፈው። ወረቀቶቹ እንደተደፉ ናቸው። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጉድጓዱ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ስልኩ ላይ ያለውን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍታዋለች፣ የጎረቤት ስልክ ሲጮህ ሁሉ ትደነግጣለች።

ጠዋት ስነሳ የክት ቀሚሷን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ነገ ሦስት ሰዓት ከእኔ ጋር ትሄዳለች። ምን ብለሽ ነው የምትሄጂው አልኳት። እንዲህ አለችኝ፣ እንዳለችው ነው የምጽፍልህ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም፦ «ልጄ ራሱ ከነገረኝ እናቱ ሆኜ እሄዳለሁ። ለሱም እለምናለሁ፣ ላንቺም እለምናለሁ። ካልነገረኝ ምስክር ሆኜ እሄዳለሁ።»

ስለ ኤግዚቢሽን አትጻፍልኝ። ስለ ማረጋገጫ አትጻፍልኝ። ደብዳቤ ራሱ በቃ፣ ከእንግዲህ አንዱም አይደርስም። ሾፌሩ ሰባት ሰዓት ላይ እዚያ ይገባል፣ ስቱዲዮህ ድረስ መጥቶ እጅህ ላይ ያስቀምጠዋል። እጅህ ቀለም ከሆነ በጨርቅ ጥረገው። ካልጠራም ከነቀለምህ ያዘው፣ እኔ ከነቀለሜ ሰልፍ ፊት ቆሜልሃለሁ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። አንዴ ሲጮህ ታነሳዋለች።